የራስ በር ወይስ የጋራ ጠረጴዛ

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ ስለ ሥራ የማይወራበት ባጃጅ አልነበረም። የዚያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከባህል አዳራሽ ፊት ለፊት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ግን ጭጭ ብሎ ነበር፤ ምክንያቱም ከጎኔ የተቀመጡት ጋሽ ገብረየስ ነበሩ። መሃል ከተማ ጨርቅ የገዛ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። በወጣትነታቸው ከሰሜን መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ንግግራቸው የተመጠነ፣ ኮታቸው በሐዋሳ ሙቀትም የማይወልቅ ነጋዴ ናቸው። ሲስቁ አየሁ የሚል ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልገጠመኝም። እኔ ደግሞ ኮሌጅ ውስጥ ኢኮኖሚክስ የማስተምር፣ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ።

"እንደምን ዋሉ ጋሽ ገብረየስ? ወዴት እየሄዱ ነው?" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ መምህር። ልጄን ላስወጣ ነው የምሄደው።"

ደነገጥኩ። "ከየት ነው የሚያስወጧት? ታሰረች እንዴ?"

"ከዚያ ይብሳል። ከሰው ጠረጴዛ ላይ ነው የማስወጣት።"

ልጄ የሚሏት የሟች ወንድማቸውን ልጅ ዮርዳኖስን ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓትና ዩኒቨርሲቲ ያስመረቋት እሳቸው ናቸው። ዮርዳኖስ ከከተማው ዙሪያ ካሉ እናቶች ቡላ እየገዛች፣ አድርቃና አሽጋ ለሆቴል ማቅረብ ከጀመረች ብዙም አልቆየችም። ቡላ ከእንሰት የሚወጣ ነጭ ዱቄት ነው፤ ገንፎውን አንዴ የቀመሰ ሰው ሌላ ገንፎ አያምረውም። ቢሮዋ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ታቢታ የምትባል የሲዳማ ልጅ ከአባቷ ቤት ግድግዳ አፍርሳ በከፈተችው አዳራሽ ነው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉት፤ ሥራ ጀማሪ ሁሉ በወር እየከፈለ ወንበር ይይዛል። ሰዉ የጋራ ቢሮ ይለዋል።

"እኔም እኮ እዚያው ነው የምሄደው!" አልኩ በደስታ። "ዓርብ ዓርብ አልቀርም።"

ጋሽ ገብረየስ ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "አንተም ከነሱ ጋር ነህ? የተማረ ሰው ነው ብዬ አከብርህ ነበር።"

"አሁንም ያክብሩኝ እንጂ! ምን አጠፋን?"

"ስማ መምህር። መሃል ከተማ ሱቅ አግኝቼላታለሁ። አስፋልት ዳር ነው፤ የብረት መዝጊያ አለው፤ በላዩ ስሟን በትልቁ አጽፍላታለሁ። ባለቤቱ ዛሬ ቁርጡን ንገረኝ ብሎኛል። እሷ ግን 'ጋሼ፣ መጀመሪያ መጥተው ይዩት፤ አይተው ውጪ ካሉኝ ያለ አንድ ቃል እወጣለሁ' አለችኝ። እንግዲህ አይቼ ላስወጣት ነው።"

ዮርዳኖስ ቃሏን እንደማታጥፍ አውቃለሁ። ያቺ ትንሽ መነሻ ገንዘቧ ደግሞ የሱቅ ኪራይ ከበላት ቡላ የምትገዛበት አይተርፋትም፤ ስሟ በትልቁ የተጻፈበት ባዶ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ልትል ነው። ባጃጁ አዲስ ከተማ እስኪደርስ ያለኝን ጊዜ ሁሉ ለመጠቀም ቆረጥኩ።

"ለመሆኑ የጋራ ቢሮው ምኑ ነው ያስከፋዎት?"

"አንደኛ፣ መደራጀት ነው። በደርግ ጊዜ ተደራጁ ተባልን፣ ተደራጀን። አሁንም ቀበሌ በተጠራን ቁጥር ተደራጁ ነው። የብዙ ሰው የሆነ ነገር የማንም አይደለም፤ አይቼዋለሁ።"

"ጋሽ ገብረየስ፣ ይኼ ማኅበር አይደለም። ንግድ ፈቃዱ የየራስ ነው፣ ትርፉ የየራስ ነው፣ ኪሳራውም የየራስ ነው። የጋራ የሆነው ወንበሩ ነው፤ ኢንተርኔቱ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር ነው፤ ትልቅ ደንበኛ ሲመጣ አክብረው የሚቀበሉበት ክፍል ነው። አንድ ጀማሪ ይህን ሁሉ ለብቻው ልግዛ ቢል መቼ ሊጀምር ነው?"

"እሺ፣ ይሁን። ሰው ሲጠይቀኝስ? ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ወዳጄ 'ዮርዳኖስ የት ቢሮ ከፈተች?' አለኝ። ምን ልበለው? ታቢታ የምትባል ልጅ ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ካለው ወንበር ላይ ልበለው? ሰው ራሱን የሚያስከብረው የራሱ በር ሲኖረው ነው።"

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። የባጃጁ ሹፌር ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

"የበሩ ክብር በውስጡ ሥራ ሲኖር አይደለም?" አልኩ። "መሃል ከተማ በሩ አምሮ ውስጡ ዝንብ የሚያባርር ባለሱቅ የለም?"

"ሞልቷል" አሉ፤ እውነት ሲሆን አይክዱም። "ከሁሉ የከፋው ግን የገበናው ነገር ነው። ነጋዴ ከየት እንደሚገዛ አይናገርም፤ ለማን እንደሚሸጥ አይናገርም። ሲከስርም ኮቱን አስተኩሶ፣ ፊቱን ፈታ አድርጎ ይወጣል እንጂ ገበናውን አደባባይ አያሰጣም። እነዚህ ግን ዓርብ ዓርብ እየቆሙ የተበላሸባቸውን ያወራሉ አሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አልኩ።

"በል ልጄ፣ ፍጠን" አሉ ለሹፌሩ።

ስንደርስ አዳራሹ የንብ ቀፎ መስሎ ነበር። አንዱ በስልክ ይከራከራል፤ አንዷ የልብስ ዲዛይን ትስላለች፤ በጥጉ በኩል ሁለት ልጆች ኮምፒውተር ላይ አጎንብሰው ይሳሳቃሉ። እውነቱን ልናገርና፣ እዚያ ቤት በገባሁ ቁጥር ዕድሜዬ የቀነሰ ይመስለኛል። ታቢታ ጋሽ ገብረየስን ስታይ ሮጣ መጥታ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸውና ከሁሉ የሚሻለውን ወንበር ሳበችላቸው። ዮርዳኖስ ከሩቅ ብድግ ብላ እጅ ነሳች። ፊቷ ገርጥቶ ነበር።

ጋሽ ገብረየስ ቤቱን በዓይናቸው ዞሩትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ማን ነው?"

"አልአዛር ይባላል። በሶ እያሸገ ይሸጣል።"

"ለማን?"

"ለሆቴሎች።"

"እሷ ለምትሸጥለት ሆቴልም?"

"አዎን።"

"ቁርስ ለቁርስ!" አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰዎች ዞሩ። "ከተቀናቃኟ ጋር ትከሻ ለትከሻ አስቀምጣችኋት ነው ጥቅም አለው የምትለኝ?"

መልስ ሳልሰጥ ታቢታ አጨበጨበች። የዓርቡ ውይይት ተጀመረ። ልማዱ ቀላል ነው፤ የሳምንቱ ሥራ ያስቸገረው ሰው ይቆማል፣ ችግሩን ይናገራል፣ የሚያውቅ ይመልሳል። ማንም አይገደድም። የዚያን ቀን ዮርዳኖስ ባትናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ አጎቷ ፊት ገበናዋን ብታወጣ ነገሩ እንዳበቃለት አውቃለሁ። እሷ ግን ቀድማ ቆመች።

"ለሆቴሉ ያስረከብኩት ቡላ ተመለሰብኝ" አለች። "ከረጢቱ ሲከፈት ሻጋታ ሸተተ። በደንብ ነው የማደርቀው፤ ለምን እንደሚሻግት ግን አልገባኝም። ሁለተኛ ከተመለሰ ከእኔ እንደማይገዙ ነግረውኛል። ሌላ ደንበኛ ደግሞ ገና የለኝም።"

ጋሽ ገብረየስ ክንዴን ጨመቁት። "አስቁማት እንጂ! ያ ልጅ እየሰማ እኮ ነው!"

አልአዛር እየሰማ ብቻ አልነበረም፤ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። "ዮርዲ፣ ስታሽጊው ቀዝቅዞ ነው?"

"አይ፣ ከፀሐይ እንዳነሳሁት ወዲያው ነው።"

"በቃ፣ አገኘነው!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። "ትኩስ ነገር ከረጢት ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፤ ያ ላብ ነው የሚያሻግተው። እኔም የመጀመሪያ በሶዬን ገና ትኩስ እያለ አሽጌ ሁሉንም ደፍቻለሁ። ጥላ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነሽ አሳድሪው፤ ጠዋት አሽጊው። ግን ለምንድን ነው እንደዚህ የምትጣደፊው?"

ዮርዳኖስ መሬት መሬት አየች። አፏን ከፈት አደረገችና መልሳ ዘጋችው። ሰዉ ሁሉ መልሷን ይጠብቃል። ያን ጊዜ አጠገቤ ያለው ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

ጋሽ ገብረየስ ቆመዋል።

"እኔ ነኝ" አሉ። "እኔ ነኝ ያልኳት። ጎረቤት ካየው ነገ ሰፈሩ በሙሉ ቡላ ነጋዴ ይሆናል፣ እንደደረቀ ቶሎ ክተቺው ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ጓሮ ውስጥ፣ በር ዘግተን ነው የምናሽገው። ልጅቷ እኔን ላለማሳጣት ነው ዝም ያለችው።"

ዮርዳኖስ "ጋሼ፣ ለእኔ ብለው እኮ ነው" ስትል እንባዋ መጣ፤ የእኔም መጣ፣ አልደብቅም። ያ በሕይወቱ ሙሉ ገበናውን ሸፍኖ የኖረ ሰው፣ ልጆች በሞሉበት አዳራሽ፣ ለልጁ ብሎ ራሱን ሲያጋልጥ በዓይኔ አየሁ።

ነገር ግን ነጋዴ ነጋዴ ነውና ወዲያው ወደ አልአዛር ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ። የእሷ ቡላ ቢሻግት በሶህ አይሸጥልህም? ምን አገኛለሁ ብለህ ነገርካት?"

"አባባ፣ ለጊዜው ይሸጥልኝ ይሆናል" አለ አልአዛር ሳያፍር። "ግን ሆቴሉ 'የሐዋሳ ልጆች የሚያሽጉት ነገር አይታመንም' ካለ ነገ በሶዬንም ይመልስብኛል። ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ ሱፐርማርኬቶች በሶ ብቻ ይዤ ስሄድ ፊት አይሰጡኝም፤ የተከራየሁት መኪናም ግማሹ ባዶውን ነው የሚሄደው። ቡላዋን አብሬ ብጭን ኪራዩን ለሁለት እንካፈላለን፤ ባለሱቆቹም ብዙ ዓይነት ዕቃ ስናቀርብ ያናግሩናል። ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም የነገርኳት፤ እኔም እፈልጋታለሁ።"

"ይኼ ይገባኛል" አሉ ጋሽ ገብረየስ ቀስ ብለው። "በጎነት ነው ብትለኝ ኖሮ አላምንህም ነበር።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም፣ ኧረ በእግዚአብሔር፣ እሳቸውም ሳቁ!

"አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል" አሉ ወደ ዮርዳኖስ ዞረው። "ነገ እሱ ራሱ ቡላ ቢጀምርስ? ምስጢርሽን ሁሉ ሰጥተሽዋል።"

"ጋሼ፣ ቡላ ማውጣትና ማድረቅ እዚህ አገር እናቶች ሁሉ የሚያውቁት ነው፤ ምስጢር አይደለም" አለች ዓይኗን እየጠራረገች። "የእኔ የሚባለው ዕቃው መጥራቱ፣ በሰዓቱ መድረሱና ከእናቶቹ ጋር ያለኝ መተማመን ነው። ያንን ማንም ከዚህ ጠረጴዛ ላይ አንስቶ አይሄድም። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ብቀመጥ ኖሮ ግን ሻጋታው ለምን እንደመጣ ሳላውቀው እዘጋው ነበር።"

ጋሽ ገብረየስ ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡና እዚያው ቆመው ደወሉ።

"ሃሎ፣ አቶ ይልማ? አዎን፣ ስለ ሱቁ ነው። ለሌላ ሰው ስጠው። አይ፣ ሱቁማ ሸጋ ነው፤ ምንም አላልኩትም። ልጄ ግን ሥራዋ ገና ነው፤ አሁን ኪራይ አልጭንባትም፣ ቡላ ትግዛበት። ምን? ቢሮማ አላት! መብራት ቢጠፋ የማይጨልም፣ ኢንተርኔት ያለው፣ እንግዳ መቀበያ ያለው ቢሮ ነው። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ሲቸግራት የምትጠይቀው ሰው አጠገቧ አለ። መኪና ሲጫን የሚያካፍላት አለ። አንተና እኔ ስንጀምር ማንን ጠየቅን? ግድግዳችንን እያየን አልነበር የዋልነው? እዚህ ግን አንዱ የከሰረበትን ሌላው ሳይከስር ይማረዋል። አንተም ልጅህን ላካት እንጂ! አዲስ ከተማ ነው፤ ታቢታ ብለህ ጠይቅ።"

ስልኩን ሲዘጉ ታቢታ ከሁሉም አስበልጣ ስታጨበጭብ ነበር። አልአዛርና ዮርዳኖስ ግን ጭብጨባውን የሰሙም አልመሰለኝም፤ መኪናው መቼ እንደሚጫን መነጋገር ጀምረዋል። እኔ በክፍሌ ለተማሪዎቼ ስለ ወጪ መጋራትና ስለ ዕውቀት ልውውጥ ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን አንድ የጨርቅ ነጋዴ በስልክ ከእኔ የተሻለ አድርጎ አስተማረው። እናንተም ሥራ ልትጀምሩ በር በመፈለግ ላይ ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁን በራቸው ዘግተው እንዲሠሩ የምትመክሩ፣ ይህንን አስቡበት። መነሻ ገንዘባችሁ ሥራውን ይሥራበት፤ ግድግዳው ሥራው ሲያድግ ይደርሳል።

ውይይቱ ሲያበቃ ወደ ባጃጁ አብረን እንድንሄድ ጋሽ ገብረየስን ጠበቅኳቸው። እሳቸው ግን ታቢታን ወደ ጥግ ስበው በዝግታ ያናግሯታል።

"ልጄ፣ በዚህ በዓርቡ ነገር ላይ መናገር የሚችለው ወንበር የተከራየ ብቻ ነው?"

"ኧረ የለም፣ አባባ፤ ማንም ይችላል። ዮርዳኖስን ወክለው ሊናገሩ ነው?"

"የለም" አሉ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ሲፈቱ አየኋቸው። "ስለ ራሴ ሱቅ ነው። ተሰፍቶ ያለቀለት ልብስ ከመጣ ወዲህ ጨርቅ የሚገዛኝ እየጠፋ ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴም። ለመጪው ዓርብ ተራ ያዢልኝ።"