የጋሼ ተፈራ ዓሣዎች እንጀራ እምቢ ያሉ ዕለት

ጎረቤታችን ጋሼ ተፈራ ከሆቴላቸው ጓሮ ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያረባሉ። ሞያሌ ላይ ትኩስ ዓሣ ከእሳቸው ሌላ የት ይገኛል? በጾም ሰሞን አንድ ቀን እዚያው ጓሮ ጥላ ስር ሳነብ «ነይ ጉድ እይ! ዛሬ መረብም አላስፈለገኝ፤ በእጄ እየለቀምኳቸው ነው» ብለው ጠሩኝ። እውነትም ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ አንዳንዱ በጎኑ ተጋድሞ ይዋኛል። ባልዲው ሞልቷል፤ ሾፌሮች የዓሣ ጥብስ አዝዘው ሆቴሉ ውስጥ ይጠብቃሉ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስለ ዓሣ ነውና ክው አልኩ።

«ጋሼ፣ ኩሬው ዳር የተከሉትን ጎመን የተባይ መድኃኒት ረጭተውታል እንዴ?»

«ጠዋት ረጨሁት። መርጫውንም እዚሁ ኩሬው ውስጥ አለቀለቅኩት። ምነው?»

«ዓሣዎቹ ተመርዘዋል። ለሰው አይቀርቡም።»

«ኧረ ተይ ልጄ፣ ርቧቸው ነው!»

«እንግዲያው እንጀራ ይጣሉላቸው።»

ቆርሰው ጣሉ። ሌላ ጊዜ ተሻምተው የሚውጡት ዓሣዎች ዞረውም አላዩት። ጋሼ እንጀራው ውሃ ጠጥቶ እስኪሰምጥ አዩና ባልዲውን ይዘው ሊቀብሩት ሄዱ።

ቀብረው ሲመለሱ አብረን ወደ ሆቴሉ ገባን፤ በጥብሱ ፈንታ ሽሮ የቀረበለት አንድ ሾፌር «ዓሣ አለ ብለውን ሽሮ?» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ወደ እኔ እያመለከቱ፣ ኬንያዎቹ ሐኪምን በሚጠሩበት ቃል «ዳክታሪዋ ከለከለችኝ» አሉ። ሰው ሁሉ ዞረብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ፊቴን በመጽሐፌ እሸፍን ነበር።

«የዓሣ ሐኪም ነሽ?» አለኝ ሾፌሩ።

«አዎ፤ ዛሬ ያዳንኩት ግን አንተን ነው» አልኩት።