በረሃውን ብቻቸውን ሊያቋርጡ የተነሡት ፖስተኛ

ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት የሆናቸው ፖስተኛ ሞተር ብስክሌታቸውን እየገፉ ጎሚስታው ደጅ ሲደርሱ፣ አንዲት ወጣት መምህርት እጅጌዋን ሰብስባ የራሷን ሞተር ጎማ ስታወልቅ አገኟት። የእሳቸው ሞተር ላይ አራት ጀሪካን፣ የመፍቻ ሣጥን፣ ብርድ ልብስና ትርፍ ጎማ ተቆልሎበታል።

«ጋሼ፣ ቤት ሊቀይሩ ነው እንዴ?» አለ ጎሚስታው፤ አፉ ዝም ማለት አያውቅም።

«እህቴ ዘንድ ልሄድ ነው። በረሃውን ተሻግሬ።»

«ከማን ጋር?» አለች መምህርቷ።

«ከሞተሬ ጋር።»

ጎሚስታው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖስተኛው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በረሃ ደብዳቤ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ታናሽ እህታቸው ከበረሃው ማዶ ናት፤ ዓይኗ እየደከመ መጥቷል። ባለፈው ሳምንት በስልክ፣ «መልክህ ሳይጠፋብኝ ና» ብላቸው፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል አልዋጥ ብሏቸዋል። አውቶቡስ እንኳ አለ፣ በዙሪያ ይሄዳል። ግን የናፈቀቻቸው እህታቸው ብቻ አይደለችም። ጎህ ሲቀድ ያ ቀዝቃዛ አሸዋ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ጸጥታ፣ እሱም አላስቀምጥ ብሏቸዋል።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና» አለች መምህርቷ መፍቻዋን አስቀምጣ፣ «እኛ አምስት ሆነን ሐሙስ በዚያው መንገድ እንሄዳለን። ለምን አብረውን አይሄዱም?»

«ተይኝ ልጄ። በመንጋ የሚሄድ ሰው በረሃ አያይም። የፊተኛውን አቧራ ሲውጥ፣ የኋለኛውን ጥሩምባ ሲሰማ ይውላል። አንዱ ውሃ ጠማኝ ይላል፣ አንዱ ፎቶ አንሱኝ ይላል። እኔ የምሄደው ዝም ልል ነው።»

«ፎቶ አንሱኝ የሚል እንኳ አለን፤ አልዋሽዎትም። ግን ተጠጋግተን አንነዳም። የፊተኛው አቧራ ሲረግፍ ነው ሌላው የሚነሣው። ቀኑን ሙሉ እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ነው። አንድ ሕግ ብቻ አለን፤ መንገድ የሚገነጠልበት ቦታ የደረሰ ሰው፣ የኋለኛውን በዓይኑ ሳያይ አይንቀሳቀስም።»

«እኔን ማን ጠብቆኝ ያውቃል? ሃያ ሁለት ዓመት! አንድ ቀን እንኳ አልጠፋሁም።»

«አንድ ቀንም?»

ፖስተኛው «አንድም ቀን» ሊሉ ጀምረው ተዉት። ውሸት ያልለመደ ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ ይጀምረዋል እንጂ አይጨርሰውም። ጎሚስታው የገለበጠላቸው በርሜል ላይ ተቀመጡ።

«አንድ ቀን» አሉ ቀስ ብለው። «አሸዋው መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ስባዝን ቆይቼ የሞተር ጎማ ዱካ አየሁ፤ ገና ትኩስ። ደስታዬን ምን ልንገርሽ! ከፊቴ ሰው አለ ብዬ ነዳሁ። ምን ብዬ ሰላም እንደምለው፣ ውሃዬን እንዴት እንደማካፍለው ሁሉ አሰብኩ። ቆይቶ ዱካው ሁለት ሆነ። ይኸው ሁለት ናቸው ብዬ ጭራሽ ዘፈንኩ። ሦስተኛው ሲጨመር ነው ወርጄ ያየሁት። የጎማዬ አንዱ ጥርስ ተቆርጦ ነበር፤ ዱካው ላይም ያችው ጉድለት አለች።»

«የራስዎ ነበር» አለች መምህርቷ።

«የራሴ። ስዞር ነው የዋልኩት። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእህቴም ቢሆን።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው ሽሽት ከሆነ የሚሄዱት፣ ዱካውን ሲያዩ ለምን ዘፈኑ?»

ይህን ጥያቄ እሳቸው ራሳቸውን ጠይቀው አያውቁም።

«ያኔ ጉልበት ነበረዎት» አለች እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ ይህ ሁሉ ጭነት አሸዋ ላይ ቢወድቅ ብቻዎን አያነሡትም። ለስድስት ብንካፈለው ግን ሞተርዎ ይቀልለታል፣ አሸዋም አይውጠውም። እኛም መንገዱን የሚያውቅ ሰው የለንም፤ በካርታ ነው የምንሄደው። ውለታ እየዋልኩልዎ አይምሰልዎ።»

«ዝምታዬስ?»

«ማን ይነካብዎታል? ወሬኛ ቢመጣ ፊት ፊት እንሰደዋለን።»

«ያንን ፎቶ ወዳዱን?»

«እሱንማ ከሁሉ አስቀድመን!»

ፖስተኛው ሳይወዱ ሳቁ። «ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የምትነሡት?» ሲሉ፣ ጎሚስታው ማንም ሳያዘው ሁለቱን ጀሪካን አወረደ።

በረሃውን በሁለት ቀን ተሻገሩት። ፖስተኛው የናፈቁትን ጸጥታ ጠጥተው ጠገቡ፤ በየመገንጠያውም አንድ ሰው ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝላቸው ልባቸው ስፍስፍ ይል ነበር።

እህታቸው ከበሯ ቆማ ጠበቀቻቸው። ፊታቸውን በሁለት መዳፏ ይዛ፣ ወደ ብርሃኑ አዙራ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ሸብተሃል» አለች። «ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?»

«ስድስት።»

«እሰይ! አንተ ብቻህን ስትነሣ እኔ ምን እሆን እንደነበር ታውቃለህ? ደረስኩ እስክትል ድረስ ከነጫማዬ ነበር የምጋደመው። ጠፋ፣ ተነሡና ፈልጉ የተባለ ቀን ጫማ ስፈልግ እንዳልዘገይ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት?»

«ሃያ ሁለት ዓመት።»

ፖስተኛው ብቻዬን ነኝ ሲሉ፣ ለካ እሷን በሐሳብ ከኋላቸው ጭነው ሲያንከራትቱ ኖረዋል። ወዳጆቼ፣ አብሮ መጓዝ ጭነት ያቀልላል፣ የወደቀን ያነሣል፣ የጠፋን ይመልሳል፤ ከሁሉ በላይ ግን ሸኝቶ ለሚቀረው ሰው እረፍት ይሰጣል። መንገደኛ ይህን አያስበውም።

በአምስተኛው ቀን ተሰነባብተው ተመለሱ። ፖስተኛው በማግስቱ ከቀትር በኋላ ቤታቸው ገብተው፣ አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ ስልክ ደወሉ። ጠርቶ ጠርቶ ሊዘጋ ሲል ተነሣ።

«ደረስኩ!» አሉ።

«ምነው አንተ» አለች እህታቸው እንቅልፍ ባጎረነነው ድምፅ፣ «ተኝቼ እኮ ነበር።»