አጭሩ ቱቦ ወይስ ረጅሙ

ከወረታ በተነሳው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ መካኒክ የታጠፈ ቱቦ ታቅፎ ከአንድ ቄስ ጎን ተቀምጦ ነበር።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«የአሮጌ የአሜሪካ መኪና ጭስ ማውጫ ነው፣ አባ። አጭርና ረጅም አምጥተን ነበር፤ ይሄ አጭሩ ነው፣ ልመልሰው ነው።»

«ማን መረጠ?»

«ባለቤቱ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ‹የጥንት ድምጿን በጆሮዬ እለየዋለሁ› ብለው ራቅ ብለው የሩዝ ማሳ ዳር ተቀመጡ።»

«ከዚያስ?»

«አጭሩን ገጥመን ስናስነሳት ‹አይደለችም› አሉ። ረጅሙን ገጥመን ስናስነሳት ‹እሷ ናት!› ብለው ብድግ አሉ።»

«ማን መራቸው?»

«ማንም። ዱላቸውን እዚያው ጥለው ድምፁን እየተከተሉ መጡ። በሩን ከፍተው ገቡና መሪውን ጨበጡ።»

«ብቻቸውን?»

«ብቻቸውን፣ አባ።»

«እግዚኦ!»

እኔ ሐሙሲት ወራጅ ነበርኩ፤ ሚኒባሱ ከተማውን ሲያልፍ ግን ቀጥሎ የሆነውን ልስማ ብዬ «ወራጅ አለ» አላልኩም።