ደጃፌ ላይ የተሳለው ዱቄት

ስሙኝማ፣ በአቃቂ ምድር ከእኔ በላይ የፈራ ሰው ካለ ይምጣና ይሟገተኝ! አጠገባችን ያለውን ቤት አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ሕንድ ከነሚስቱ ተከራየው። ባለቤቴ ለእንግድነታቸው ትኩስ ድፎ ዳቦ ወሰደችላቸው። በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ደጃፌ ላይ በነጭ ዱቄት የተሳለ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ነገር አየሁ። «አንተ ሰውዬ፣ መተት ነው! እንዳትረግጠው!» ብላ ባለቤቴ ከኋላዬ ጮኸች። ያነሳሁት እግሬ አየር ላይ ደርቆ ቀረ፤ ነፍሴማ ቃሊቲን አልፋ ሳሪስ ደርሳለች። ይኼኔ ዶሯችን በእግሬ ሥር ሹልክ ብላ ዱቄቱን ትለቅም ጀመር። «አለቀላት!» አለች ባለቤቴ። እኛ ሞቷን ስንጠብቅ እሷ ጠግባ ምንቃሯን መሬት ላይ ጠረገች።

በጩኸታችን ሕንዱ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ሩዝ ነው! የሩዝ ዱቄት!» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። «እኛ አገር ሚስት ጠዋት ጠዋት ደጅ ላይ ይስላል፣ በረከት ይገባል። ዳቦ ሰጣችሁ፣ ለእናንተም ሳለች።» ዓይኔን ጨፍኜ ተሻገርኩ፤ አልሞትኩም። በማግስቱ ግን በሩን ብከፍት ደጃፋችን ባዶ ነው። ባለቤቴ ደረቷን ይዛ፣ «ወይኔ! ምን አስቀይመናት ነው የዘለለችን?» ስትለኝ ያነሳሁት እግሬ እንደገና አየር ላይ ደርቆ ቀረ።