አቶ ደግሰው የገበያውን ምሽት ያዩበት ቀን

የሰቆጣ ገበያ ደርቶ ሳለ፣ ገና ከቀትር በፊት፣ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ የሚያደርሰኝ ባጃጅ ስፈልግ ከባጃጅ ነጂው ከአቶ ደግሰው ጋር ተገናኘን። በዚያው ሰሞን የግንባራቸውን ቁስል ያሸግሁላቸው እኔ ነበርሁ፤ ተሳፋሪ በጠፋበት ቀን እስከ ምሽት ሲዞሩ እንቅልፍ ጥሏቸው፣ ባጃጃቸውን ከገደል አፋፍ ድንጋይ ጋር አጋጭተውት ነበር።

«ይቅርታ ያርጉልኝ፣ ወደ ቤቴ ነኝ። የዛሬዋ ገቢ ሞልታለች» አሉኝ።

አብራኝ የቆመችው መምህርት ቦሰና የሰፈራቸው ልጅ ናትና በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ ደግሰው፣ ሰው በሞላበት ቀን በጊዜ ይገባሉ፤ ሰው በጠፋበት ቀን ሲንከራተቱ ያመሻሉ። ስለምን ይሆን?»

«ልጄ፣ የዕለት እንጀራችንን ስጠን እያልን አይደል የምንጸልየው? የዕለቷን ካገኘሁ አመስግኜ እገባለሁ፤ ካላገኘሁ እስካገኝ እፈልጋለሁ። ከዚያ ያለፈው ስስት ነው።»

ከልባቸው ነበር የተናገሩት። ቦሰና ግን ቀጠለች።

«እዚሁ ዋግ፣ ዝቋላ ወረዳ ሳሉ ያርሱ ነበር አሉ። ዝናብ በጣለ ቀን ጥቂት ትልም አውጥተው ‹ለዛሬ በቃኝ› ይሉ ነበር?»

«እንዴት ተደርጎ? የዋግ ዝናብ መቼ ይደገምና! በሬው እስኪደክም ነው እንጂ።»

«ዝናብ በሌለበትስ ማሳው ላይ ያመሹ ነበር?»

«ምን ልሠራ?»

«እንግዲህ ዝናብዎ የገበያ ቀን ነው። እግዜር በሰጠበት ቀን መቀበል ስስት አይሆንም። ደግሞ የዛሬው ለእርስዎ ሞላ እንጂ መንገድ ላይ ለቀረው ሰው መች ሞላ?»

አቶ ደግሰው እሽጉን ግንባራቸውን ዳበስ አድርገው የባጃጁን ሞተር አስነሱና «በሉ ግቡ» አሉን።

አመሻሽ ላይ ከከተማው መውጫ ባጃጃቸውን አቁመው አገኘኋቸው። ተራራው በጀምበር ቀልቷል፤ መንገዱ እስከ ሸንተረሩ ጥግ በሰው ተሞልቷል። ጨው የተሸከመ፣ ፍየል የሚነዳ፣ ልጅ ያዘለች፣ ሁሉም ወደ ቆላው ይወርዳል።

«ይህን ያህል ዘመን ስነዳ የገበያን ምሽት አላየሁም» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ይህ ሁሉ ፍጥረት በእግሩ ሲወርድ እኔ ተኝቼ ኖሯል። አሁን አንዲት ነፍሰ ጡር አደረስኩ፤ መርቃኝ ወረደች።»

እኔም ከጎናቸው በአድናቆት ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ደግሰው ሰው በበዛበት ቀን ያመሻሉ፤ በባዶው ቀን በጊዜ ገብተው ያርፋሉ። ድካማቸው ሳይጨምር ገቢያቸው ተሻሻለ፤ ከእንቅልፍ እየታገሉ በገደል አፋፍ መንዳትም ቀረ። በባዶ ቀን መጀመሪያ በጊዜ የገቡ ዕለት ባለቤታቸው ጥሩሐረግ «ምነው፣ አመመህ?» ብላ ደነገጠች አሉ።

«የለም» አሏት፣ «ምሳ አብረን እንብላ ብዬ ነው።»