የማይታይ ኮንቴነር ዘበኛ

ከድር፣ ስማኝማ፣ አሁን ከነዘይነብ ቤት መውጣቴ ነው፣ ደሜ ፈልቷል! እሷን እንዲጠይቅልኝ ሽማግሌ አድርጌ የላክሁት አጎቴን ሰይድን ነው። አባቷ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ቢሉት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኮንቴነር ይጠብቃል!» ወላሂ እንደዚህ ነው ያለው። እሳቸውም ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ የተደረደረው የብረት ሱቅ መስሏቸው «ለዘበኛ የምሰጠው ልጅ የለኝም» ብለው መለሱት።

ዝም ልበል? ራሴ ሄድኩ! ነውር ነው አሉኝ፣ ይሁና! ስልኬን ከፍቼ «ሐጂ፣ ይሄ የአውቶብስ ትኬት የሚቆረጥበት አፕ ነው። ፕሮግራሞቹ ኮንቴነር በሚሉት ነገር ታሽገው ክላውድ ላይ፣ ሩቅ አገር ባለ ኮምፒውተር ነው የሚሠሩት። ይቺ ጭነታቸውን የምታሳይ መስመር ወደ ላይ ከወጣች ሊጨናነቁ ነው፣ እኔ ቀድሜ አይቼ አስተካክላለሁ» አልኳቸው። መነፅራቸውን አድርገው አዩ፣ አዩና «ኮንቴነሩስ የታለ?» አሉኝ።

«አይታይም፣ ሐጂ።»

«የማይታይ ነገር ነው የምትጠብቀው? ቢሰረቅ በምን ታውቃለህ?»

«እሱን ስለማውቅ አይደል እንዴ የቀጠሩኝ!»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ዘይነብ ራሷ ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት! ያኔ ነደደኝ። «አዎ፣ ዘበኛ ነኝ! እኔ ዞር ካልኩ ግን ከዚህ አዲስ አበባ ትኬት የሚቆርጥ የለም!» ብዬ ወጣሁ።

ነገ አጎቴን እዚያው ቤት መልሼ እልከዋለሁ። አብሽር፣ ሥራዬን እንዲያስረዳ አይደለም። ገና ከበር ላይ «ዘበኛ ነው፣ ልጅዎን ይስጡት» እንዲል ነው።