ከቆጥ ሥር የቀረው ቱቦ

የወይዘሮ የብርጓል አሟሟት በይጁቤ ሁለት ዓይነት ይወራል። ባለቤታቸው አቶ ይታያል፣ «እንዳላባት ወደ ጓሮ ወጥታ ምች መታት፤ ራሴን ብላ ጋደም አለች፤ በዚያው ቀረች» ይላሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን፣ «ምድጃው ነው። በሩ ተዘግቶ፣ የቱቦው አፍ ቤት ውስጥ ቀርቶ፣ አየሩ መርዟቸው ነው» ትላለች።

አቶ ይታያል ሁለተኛውን ወሬ መስማት አይፈልጉም። ስለዚህ ከገበያ ሲመለሱ ምድጃውን የሠራላቸውን መሳፍንትን ከፊታቸው ሲያዩት መንገድ ሊቀይሩ ዳድቷቸው ነበር። ግራ ቀኙ ጭቃ ሆነና ቆሙ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሽ ይታያል።»

«ይመስገን። ምድጃህን ልትወስድ መጣህ?»

«ኧረ እርስዎን ልጠይቅ ነው። ልጅዎ ያለምወርቅ ልትወልድ እርስዎ ቤት ልትመጣ ነው ሲሉ ሰምቼ…»

«በመጪው ሳምንት። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ የት ትውለድ? እናቷ ባትኖር አባቷ አለሁ። ክፍሉን አሙቄ እጠብቃታለሁ።»

«በዚያው ምድጃ?»

«በምን ላሙቀው ታዲያ፣ በኮሌጅ ወረቀትህ?»

መሳፍንት አልተቆጣም። ደብረ ማርቆስ ተምሮ የተመለሰ፣ ከሰጋቱራ ተጨምቆ የተሠራ፣ ባቄላ የሚያክል ማገዶ የሚያነድ ምድጃ እየሠራ የሚሸጥ ወጣት ነው። ስድብንና ሐዘንን ለይቶ ያውቃል።

«ቱቦውን የት አደረሱት?»

«ከቆጡ ሥር ነዋ! የዘር በቆሎ ቆጡ ላይ ነው ያለው፤ ጭስና ሙቀት ካላገኘ ነቀዝ ይፈጀዋል። አባቴም አያቴም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ደግሞስ አዲስ ቆርቆሮ በስቼ ክረምቱን ቤቴ ልጥራው?»

«የአባትዎ ቤት ሣር ነበር፤ ጭሱ በሣሩ እየሾለከ ይወጣል። የእርስዎ ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳውም ጥርቅም ተደርጎ ተመርጓል።»

«ያ ምድጃ ከሙቀቱ በቀር መች ጨሰና? ቆጡ እንኳ ጥላሸት አልያዘም!»

«ክፋቱ እሱ ነው። የሚገድለው አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ያሳምማል፣ ያደክማል፣ ከዚያ ያስተኛል። ስሸጥልዎት ይህን አልነገርኩዎትም። ‹ቱቦውን ወደ ውጭ ያውጡት› ብዬ ብቻ ሄድኩ። መጥቼ መትከል ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ሰው ስሕተቱን ማመን የሚቸግረው ሁልጊዜ ስለማያውቅ አይደለም። አቶ ይታያል ይህን ልጅ ካመኑ፣ ሠላሳ ዓመት አብራቸው የኖረችውን ሚስት በገዛ እጃቸው ገድለዋል ማለት ነው። ምች ቢሆን የማንም እጅ የለበትም።

ገበያተኛው ገና ሩቅ መሆኑን ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አልጋዋ ሥር የታቀፈች ዶሮ ነበረች» አሉ። «አሥራ ሁለት እንቁላል። ከእርሻ ተመልሼ የብርጓልን ካወጣናት በኋላ ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ዶሮዋም እንቁላሉ ላይ ደርቃለች። ለማንም አልተናገርኩም። … ዶሮን ምች ይመታል እንዴ?»

«አይመታም፣ ጋሽ ይታያል።»

«ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ራስ ምታቱ ይተዋታል፤ ቤት ስትገባ ይነሣባታል። እኔ ደግሞ ‹ሥራ ስትጠይ ነው የሚያምሽ› እያልኩ እቀልድባት ነበር።»

ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«እንግዲህ ምን ይሻላል?» አሉ በመጨረሻ።

«ቱቦው ጣራውን አልፎ ሁለት ክንድ ያህል ይውጣ። ከማገሩ ጋር እንዳይነካካ በሚያልፍበት ዙሪያውን ክፍት ትተን በብረት እንከልለዋለን፤ የጣራውን ቀዳዳ ዝናብ እንዳያስገባ በቆርቆሮ እከድነዋለሁ፤ አናቱ ላይ ቆብ እደፋለታለሁ። አፉ ከመስኮት ይራቅ። መጋጠሚያው ይጥበቅ፤ ጥቀርሻውም በየጊዜው ይጠረግ። መስኮቱንም ጭራሽ አይድፈኑት። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ካመመው ቶሎ ወደ ውጭ ይውጣ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይሂድ። ለዘሩ ነቀዝ የማያስገባ ከረጢት አለ። ምድጃው ያው ያሞቃል፤ አራሷ በሰላም ታጠባለች፤ ሕፃኑም ንጹሕ አየር ይስባል።»

አቶ ይታያል ጥቂት ተራምደው ቆሙ። ከኋላ የሚመጣው ገበያተኛ እንደሚሰማ እያወቁ ጮኽ ብለው ተናገሩ፦

«ጣራውን ዛሬ እንበሳዋለን። እሑድ አርባዋ ነው፤ ሰው እህል ከመቅመሱ በፊት ቆሜ እናገራለሁ። የብርጓልን ምች አልመታትም፤ ቱቦውን ከቆጡ ሥር ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ልጄም ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ትስማው።»